በአፍንጫው የሚመረምረው አማካሪ

ሆስፒታል ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ግን በደህና አልተመለሰም። ኮሪደሩ ላይ ሦስት አምፖል ፈነዳ፣ የካርድ ክፍሉ ፕሪንተር ጨሰ፣ ምድር ቤት ያለው የላብራቶሪው ሰርቨርም ጸጥ አለ። የበሽተኛው ሁሉ የምርመራ ውጤት እሱ ውስጥ ነው።

ሌላ ሰው «የመብራት ነገር» ብሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ግን ምክንያቱን አውቃለሁ። ሰርቨሩን ከእንዲህ ያለ ድንገተኛ ኃይል የሚጠብቀው ባለባትሪ መሣሪያ፣ ዩፒኤስ የምንለው፣ ከወር በፊት ተነቅሎ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቷል። መብራት ሲጠፋ ኳስ እንዳያመልጠው። ሁለት ደብዳቤ ብጽፍለት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልልም፤ ወንበሩን እንጂ ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው።

ሰርቨሩ አልነሳ ሲል ወደ እኔ አልደወለም። የሚስቱን ወንድም ጠራ፤ እኔ ሰምቼ በራሴ ወረድኩ። ይህ ሰው «አማካሪ» ይባላል፤ ማንን ምን አማክሮ እንደሚያውቅ ግን የሚናገር አልተገኘም። ምድር ቤት ውስጥ የፀሐይ መነጽር አናቱ ላይ ሰክቶ መጣ። ማሽኑ ላይ ጎንበስ አለና አሸተተ።

«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ አልቆለታል» አለ።

«ከፍተው አዩት?» አልኩት።

«የኔ እህት፣ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ሽታው ይበቃኛል።»

ሥራ አስኪያጁ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው አዲስ ይገዛል። አንቺም አትነካኪው።»

አማካሪው ይህን ሲሰማ ውጤቱ የተቀመጠባቸውን ዲስኮች መንቀል ጀመረ፤ ለዚያውም ቁጥር ሳይጽፍባቸው። የመጀመሪያውን አውጥቶ ወደ ሁለተኛው ሲዘረጋ እጁን ያዝኩት።

«ቅደም ተከተላቸው ከተዘበራረቀ ውጤቱን መልሶ ማግኘት ይቸግራል።»

«ልታስተምሪኝ ነው?»

በዚህ መሀል የላብራቶሪ ኃላፊዋ ገባች። በዕድሜ ትልቃችን ስለሆነች ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ጭቅጭቁን በር ላይ ቆማ ሰምታዋለች።

«ሦስተኛ ክፍል የተኙት አሮጊት ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይገባሉ» አለች። «የአሥር ቀን ምርመራቸው እዚህ ውስጥ ነው። እንደገና ይሠራ ቢባል ሌላ አሥር ቀን የመቆየት አቅም የላቸውም። ልጅቷ ትሞክር።»

ሥራ አስኪያጁ ለአሮጊቷ አዝኖ እንዳይመስላችሁ፤ የፈራው ስሙ እንዳይነሳ ነው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ አማቹን ይዞ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ተከትያቸው ቢሮው ገባሁ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ጎንበስ ብዬ ዩፒኤሱን ነቀልኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰርቨሩን ያለዚህ ሶኬት ላይ አልሰካውም።»

ዕቃው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ሁለቱ ወንዶች ብርጭቋቸውን እንደያዙ አዩኝ እንጂ ንቅንቅ አላሉም። ደረጃውን ያወረደልኝ ጥበቃው ነው።

ከዚያ አማካሪው ያወጣውን ዲስክ ቦታው መልሼ ሥራዬን ጀመርኩ። ገመዶቹን በሙሉ ነቅዬ፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኜ ቆየሁ። ማሽኑ ኃይል የሚቀበልባቸው ሁለት ሳጥኖች አሉት። የግራውን ብቻ ሰካሁ፤ ሬሳ ነው። የቀኙን ብቻ ስሰካ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በራች። ቁልፉን ተጫንኩ። ማራገቢያዎቹ ዞሩና ወዲያው ቆሙ።

ስለዚህ ሌላም የተጎዳ ነገር አለ። ሜሞሪዎቹን አውጥቼ አንዱን ብቻ ተውኩ፤ ያው ነው። በሌላ ቀየርኩት፤ ያው። ተጨማሪ ካርዶቹን አንድ በአንድ መንቀል ያዝኩ። ሦስተኛው የኔትወርክ ካርድ ነው። ገልብጬ ሳየው ምስር የምታክል ጥቁር ነጥብ አገኘሁበት። ኃይሉ በኔትወርኩ ገመድም ገብቶ ኖሯል። እሱን ከውጭ ትቼ እንደገና ተጫንኩ።

ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ አልቆሙም። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መውረድ ጀመረ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል። እትዬን ጠራኋት፤ የአሮጊቷን ውጤት ከስክሪኑ ላይ በእጇ ገልብጣ ደረጃውን እየተጣደፈች ወጣች።

እኔ ኩራት እየተሰማኝ፣ ለወጉ ያህል፣ የመጠባበቂያ ቅጂውን ከፍቼ አየሁ። የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደው ከሦስት ወር በፊት ነው። የማስቀመጫው ቦታ ሞልቶ ቆሟል፤ ማሽኑም በየሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ሲልክልኝ ቆይቷል፤ እኔ አልከፈትኩትም። ይህ የሥራ አስኪያጁም የአማካሪውም ሥራ አይደለም፤ የእኔ ነው። ያ ሰው ዲስኮቹን ቢያበላሻቸው ኖሮ የሦስት ወር ውጤት የሚጠፋው በእኔም ጥፋት ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ስንቅ ውዬ፣ መጨረሻ ላይ ንቀቴ ለራሴም ተረፈ።

ቦታውን አስለቅቄ ቅጂው በየሌሊቱ እንዲወሰድ ካደረግሁ በኋላ ሪፖርቱን በሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ አንደኛው ስለ ዩፒኤሱ፣ ሁለተኛው ስለ ቅጂው። ልደብቀው አላማረኝም አልልም። ግን ደብቄው ከእነሱ በምን ልለይ?

አሮጊቷ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ተደግፈው ኮሪደሩ ላይ ሲራመዱ አየኋቸው። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሁለተኛውን ገጽ ብቻ አነበበ። ቀጥሎ «ማሽኑን ከሞት ላተረፉት» ብሎ አማካሪውን አመሰገነ፤ እሱም ተነስቶ እጅ ነሳ።

«አንደኛው ገጽ የት ሄደ?» አለች እትዬ።

«ጊዜ የለንም» አላት።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ስሜን እንኳ አስተካክሎ አልጻፈውም። ቢሆንም ጥፋቱ የኔ ስለሆነ አርሜ ፈረምኩ፤ በማግስቱም ኮቴን ሳላወልቅ ወርጄ የሌሊቱ ቅጂ መወሰዱን አየሁ።