የሙዘሚል ዳክዬ

«እሱን ፎጣ እንዳትነኪው!»

ጎረቤቷ መሪማ እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች። ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ዉዱእ አድርገው የታጠቡት ሴቶች ውሃው ከክንዳቸው እየተንጠባጠበ ዞረው ዘይቱናን አዩዋት። ሐዘን ከተቀመጠች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ድምጿ ከፍ ብሎ ሲሰማ ግን የመጀመሪያው ነበር።

«ወላሂ ሌላው ሁሉ ረጥቧል፣ ዘይቱ፤» አለች መሪማ በሹክሹክታ። «ደረቅ የቀረው እሱ ብቻ ነው።»

«እሱ የሠራው ነው። የወጣ ለታ።»

አልጋው ላይ ነጭ ፎጣ በዳክዬ ቅርፅ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ባለቤቷ ሙዘሚል ሰኞ ማለዳ አጣጥፎት ፔትሮሚን ሰፈር ወዳለው የመጋዘን ጥበቃው ሄደ፤ ቀትር ላይ ልቡ ቀጥ አለች። ዳክዬው ከተፈታ ሙዘሚል ሁለተኛ የሚሞት መሰላት።

ይህን ሙያ የተማረው እዚሁ ዓረብ አገር፣ ኦብሁር በሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው። ሁለቱም የተቀጠሩበት ድርጅት ያን ጊዜ ሦስት የመዝናኛ ሰፈሮች ነበሩት፤ ሻሌ የሚሏቸው ትናንሽ ቤቶች በረድፍ የተሠሩባቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገር ምድሩ ይጎርፍ ነበር። ጠዋት በድምፅ ማጉያ ቁርስ ሲጠራ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ። ዘይቱና ታጸዳለች፣ ሙዘሚል አልጋ ያነጥፋል፤ በየአልጋውም ላይ አንዳንድ ዳክዬ ያኖራል። ሊያስተምራት ቢሞክር የእሷ ዳክዬ አንገቱ አልቆም አለ።

«ይቺማ የተኛች ግመል ናት!» ብሎ ሳቀባት። ፍቅራቸው የተጀመረው ከዚያ ሳቅ ነው።

ኋላ ሰው አውሮፕላን መሳፈር ለመደ። ዕረፍት ማለት ቱርክና ዱባይ ሆነ። መጀመሪያ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ ቀጥሎ መዋኛው ደረቀ፤ አንዱ ሰፈር ተዘጋ፣ ሁለተኛው ፈረሰ። ሦስተኛው ሲዘጋ ሥራ አስኪያጁ ሙዲር «ኸላስ፣ አበቃ፤ የፈለጋችሁትን ውሰዱ» አላቸው። ሙዘሚል አንዲት ፎጣ በብብቱ ይዞ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም? ሰው ፍሪጅ ተሸክሞ ሲወጣ አንተ ፎጣ!»

«ፍሪጅማ የትም ይገኛል። ከእንግዲህ እንግዳዬ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ዳክዬ ሳያኖርላት ሥራ የወጣበት ቀን የለም። እሷም ማታ ማታ ትፈታውና ፊቷን ታብስበት ነበር።

በሩ ተንኳኳ። የሻሌው ባልደረባቸው አየለች ነበረች፤ መርዶውን ሰምታ ከሩዋይስ ሰፈር መምጣቷ ነው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ገባች። ፎጣውን ስታይ ለቅሶዋ ተቋረጠ።

«ያቺ ሕፃን ትዝ ትልሻለች፣ ዘይቱ? ከባሕር ወጥታ ‹ዳክዬዬ አይፈታም› ብላ ከነእርጥቧ የተንቀጠቀጠችው?»

ዘይቱና ሳታስበው ፈገግ አለች። «ምን ነበር ያላት?»

«ረሳሽው? ‹ሀቢብቲ፣ ዳክዬው እኮ ሊያደርቅሽ ነው የመጣው። ነገ ሌላ እሠራልሻለሁ› አላት።» ነገ ስትል ድምጿ ተሰበረ፤ እንባዋ አገጯ ድረስ ወረደ።

ዘይቱና ተነሣች። ዳክዬውን አንሥታ ደረቷ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያዘችው።

«ተይው እህቴ፣ በልብሳችን እናብሳለን፤» አለች መሪማ።

ዘይቱና ፈታችው። የአየለችን ፊት ጠረገችላትና ፎጣውን ለሴቶቹ ሰጠቻቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ሰግደው ሲጨርሱ እርጥቡን ፎጣ ተቀብላ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። እንዳስተማራት አጠፈችው። አንገቱ ወደቀ። ቀና አደረገችው፤ ደግሞ ወደቀ።

«የተኛች ግመል፤» አለች ቀስ ብላ፤ በሙዘሚል ትራስ ላይም አስቀመጠቻት።