ለአሽረፍ የተዘጋው ዋይፋይ

ሸፊ ልጁን ከቤት ካባረረ ወዲህ ስሙን በአፉ ጠርቶት አያውቅም። በየምሽቱ ግን ያነበው ነበር።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሳሎኑ ጥግ ይቀመጥና፣ ስልኩን ማንም እንዳያይበት ወደ ደረቱ አስጠግቶ የዋይፋዩን መቆጣጠሪያ ይከፍታል። የቤቱ ኔት ላይ የገባ ሁሉ እዚያ በስሙ ይታያል። «አባ» የራሱ ስልክ ነው፤ «እማ» የሚስቱ የረሂማ፤ «ሀያም» የትንሿ ልጁ። ስሞቹን የጻፈው ራውተሩ የተገጠመ ዕለት ያባረረው ልጁ አሽረፍ ራሱ ነበር። ሲመሽ ደግሞ ከሁሉም በታች «አሽረፍ» የሚል ብቅ ይላል።

ያኔ የሸፊ ትንፋሽ መለስ ይላል። ልጁ ከአጥሩ ማዶ ነው ማለት ነዋ። ከኋላ ካሉት የኪራይ ቤቶች በአንዱ፣ ጓደኛው ዘንድ ተሸሽጎ የአባቱን ኔት ይጠቀማል። ይጠቀም።

ያጣላቸው የደቡብ አፍሪካ ነገር ነው። አሽረፍ ጓደኞቼ ሁሉ ሄደዋል፣ እኔ ባልዲ ስሸጥ አላረጅም ብሎ ተነሣ። ሸፊ ደግሞ ጳውሎስ አካባቢ ባልዲና ጀሪካን ሸጦ ነው ይህን ቤት የሠራው፤ ባልዲ ሲናቅ መስማት አይችልም። ከሄድክ በዚህ በር ተመልሰህ አትገባም አለው። ልጁ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። ቁጥሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝግ ነው።

ረሂማ ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ፣ ሆስፒታል ልጠይቅ፣ ዘመድ ልሰብስብ ባለች ቁጥር የከለከላት ሸፊ ነው። ልጅሽ ደህና ነው፣ ሲቸግረው ይመጣል ይላታል። በምን አወቅህ ስትለው ይቆጣታል። ያባረረውን ልጅ በየምሽቱ ስልክ ላይ አፍጥጦ እንደሚጠብቀው እንዴት አድርጎ ይንገራት? ኩራት የሚሉት በሽታ እንዲህ ነው፤ ሚስቱ እያለቀሰች፣ ማስታገሻውን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚቀመጥ ባል ይፈጥራል።

ክረምቱ ሲገባ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። ልጁ አልመጣም። በሰው መልእክት ቢልክለት ተሸነፈ ማለት ነው፤ ሽማግሌ ቢልክ ሰፈር ይሰማል። አንድ ምሽት «አሽረፍ» የሚለውን ስም ነካና አገደው። ኔቱ ሲቆረጥበት ተናዶ ይመጣል ብሎ ነው። የአባቱ ልጅ አይደል፣ ንዴት አያስቀምጠውም። በሩን ሲደበድብ የሚለውን ሳይቀር አዘጋጅቷል፤ ባልዲ ንቀህ የባልዲ ሻጭ ኔት ትሰርቃለህ ይለዋል። ከዚያ ይስቃል። ከዚያ ግባ ይለዋል።

በማግስቱ ሲመሽ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ሸፊ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ክፈቺ» አላት ረሂማን። «ልጅሽ ነው።»

ረሂማ በባዶ እግሯ ሮጠች።

በሩ ላይ የቆመው ግን ቦቲ ጫማው ጭቃ የለበሰ፣ የማታውቀው ሰው ነበር። ጉዲና እባላለሁ፣ ከኋላ ያለው ግቢ ተከራይ ነኝ አለ። ቀን ቀን ከሰፈሩ በላይ ባለው የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ይተክላል፤ ቤቱ የሚገባው ሲመሽ ነው። የያዘውን ስልክ ረሂማ ጥጉ ላይ በተሰነጠቀው መስታወት አወቀችው። የአሽረፍ ነው።

«ጋሼ፣ ዋይፋዩ ከትናንት ጀምሮ እምቢ አለኝ» አለ ጉዲና፣ ከረሂማ ኋላ ለደረሰው ሸፊ። «ልጅዎ ይህን ስልክ ሲሸጥልኝ ከነዋይፋዩ ነው ብሎኝ ነበር። አባቴ ቢቆጣም አይቆርጥብህም አለኝ።»

መቼ እንደሸጠለት ረሂማ ጠየቀችው። ከረመዳን በፊት ነው አለ፤ እዚሁ ጥግ ላይ፣ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ።

«በሞያሌ ነው የምሄደው አለኝ። ስደርስ በአንተ ቁጥር እደውላለሁ፣ ለእናቴ ትነግርልኛለህ ብሎ ነበር። እ... ሳይደውል ሲቀር፣ ማለቴ፣ እዚህ ቤት የደወለ መስሎኝ ነው እኮ።»

ረሂማ ወደ ባሏ ዞረች። ደህና ነው ስትለኝ የከረምከው በምንድን ነው አለችው። ሸፊ ስልኩን ዘረጋላት። ከታገዱት ተርታ «አሽረፍ» የሚለው ብቻውን ነበር። ረሂማ አየችው፤ አላለቀሰችም።

«በዚህ ነው?» አለች። «በዚህ ነው እጄን ይዘህ ያስቀመጥከኝ?»

ጉዲና የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የዚያን ዕለት አሽረፍን ይዞት የሄደው ደላላ ሸጎሌ ሚኒባስ ተራ አይጠፋም፤ ቢያየው ይለየዋል። ረሂማ ሻሿን አጠበቀች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ስልኳን ያዘች፣ አሁኑኑ ውሰደኝ አለችው። ሸፊ እኔም ልምጣ አለ።

«አንተ ኔትህን ጠብቅ።»

ሸፊ በሩ ላይ ቀረ። እጁ ሌላ የሚሠራው ቢያጣ መቆጣጠሪያውን ከፍቶ እገዳውን አነሣ። ጥቂት ቆይቶ ከሁሉም በታች «አሽረፍ» ብቅ አለ፤ ልክ እንደ ወትሮው።

«ረሂማ!» ብሎ ተጣራ፣ ምን ሊላት እንደሆነ ሳያውቅ።

እሷና ጉዲና ቁልቁለቱን ይዘው ነበር፤ አልዞረችም። ሸፊ ከእነሱ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ እነሱ እያየ ቆመ። የአጥሩን ጥግ ሲታጠፉ «እማ» ጠፋ። «አሽረፍ»ም ተከትሎት ጠፋ።