ጥብሱ ሳይቀርብ ጫማ የጠራው እንግዳ

ቱክዮስ ለመናገር አፉን በከፈተ ቁጥር አዛውንቱ ፋንዮስ ይቀድሙታል። አንዴ ስለ ወይን እርሻቸው፣ አንዴ ስለ ወገብ ሕመማቸው። እሱ የመጣው ግን እዚያው ማዕድ ላይ ያለችውን ልጃቸውን ፋንያን ለጋብቻ ለመጠየቅ ነው። ዛሬ ሳይናገር ከወጣ አለቀለት፤ ነገ ማታ እዚሁ የተጋበዘው ቅቤ አንጓቹ የዘይት ነጋዴ ኦፔልዮስ ነው። እሱ ደግሞ እንደ ቱክዮስ አፉ አይያዝም።

አሽከሩ ደጃፍ ላይ እግሩን አጥቦ ነጠላ ጫማውን ወስዶበታል። በሮማውያን ከተማ በካፑዋ ሰው ራት የሚበላው ተጋድሞ፣ በባዶ እግሩ ነው። «ጫማዬን» ካለ ደኅና እደሩ ማለቱ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ቆሞ ቢናገር ድፍረት የሚያገኝ መሰለው። ከመጋደሚያው ወርዶ አንድ እርምጃ እንደተራመደ፣ በልተው ወለሉ ላይ የጣሉት የቀንድ አውጣ ቅርፊት እግሩ ውስጥ ተሰነቀረ።

«ወይኔ! ጫማዬን!» ብሎ ጮኸ።

ፋንዮስ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ወይኔ ደግሞ ምን ሆነ? ገና ትናንት የተከፈተ ጋን ነው! ጥብሱ እንኳ ሳይቀርብ ጫማ ትጠራለህ?»

«ኧረ ወይንዎን አላማሁም፣ ጋሼ...»

አሽከሩ ጫማውን ይዞ ከተፍ አለ። ተንበርክኮ አንዱን አጠለቀለት።

«ተወኝ አንተ! አልሄድም!»

«ጠርተውት እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

«እግሬን ወግቶኝ ነው!»

«ሰበብ አትደርድር» አሉ ፋንዮስ ፊታቸውን አጥቁረው። «ቤቴን የጠላ ሰው አልለምንም። ሂድ!»

ቱክዮስ አንድ እግሩን ተጫምቶ፣ ሌላውን አንጠልጥሎ ቀረ። ስንት ቀን ያጠናው ያማረ ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

«መሄድማ ነው የምጠላው!» አለ በጩኸት። «አማችዎ ልሁን! ፋንያን ይስጡኝ!»

ፋንዮስ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? አሽከሩ ጫማውን ይጨርስለት ወይስ ያውልቅለት?»

ፋንያ ሳቋን በመዳፏ አፍና፣ ያንን የተንጠለጠለ እግር ጎንበስ ብላ አየችው።

«ያውልቅለት እንጂ» አለች። «እየደማ የት ይሄዳል? ቢድንስ፣ እንዲህ እየጮኸ ማን ቤት ያስገባዋል? እኛው እንያዘው።»