ጤነኛው ኩላሊት

«ያረጀ ኩላሊት ምን ሊረባው? እሱ ነው የገደለው» አለች ጎረቤቲቱ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሴት ጎንበስ ብላ። ያንሾካሾከች መስሏታል፤ ሹክሹክታዋ ግን ግድግዳ ይሰነጥቃል።

የሟች ታላቅ እህት ከወዲያኛው አግዳሚ ሰማቻት። ኩላሊቱን የሰጠችው እሷ ናት።

«ምላስሽን ሰብስቢ! የኔ ኩላሊት ካንቺ ጭንቅላት በስንት ጣዕሙ!»

ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ተናግራም አልቀለላት። ከቀብር ከተመለሱ ጀምሮ ውስጧን የሚበላት ይኸው ነበር፤ ጎረቤቲቱ ቀደመቻት እንጂ። እውነት የኔ ሥጋ ነው የገደለው?

ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙ ጊዜ፣ ኩላሊት ሰጪ ሲፈለግ ዘመድ ሁሉ በአንድ ሳምንት ወገቡን አመመው። እሷ ልብስ ሰፊዋ ግን የስፌት መኪናዋን ሸፍና ሐኪም ቤት ሄደችና «ከሁለቱ የፈለጋችሁትን ውሰዱ» አለች። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ወዙ ተመለሰ። መድኃኒቱን ጧትና ማታ ይውጣል፣ ማስክ አድርጎ ሰው ይላጫል። ደንበኞቹ «ፀጉር ልትቆርጥ ነው ወይስ ኦፕራሲዮን ልታደርገኝ?» እያሉ ይስቁበታል። እሱም በተቆጣ ቁጥር «እኔ አይደለሁም፣ የእህቴ ኩላሊት ነው የሚሳደበው» ይላል።

ከዚያ ሳል መጣ። እሷንም ይዟት ነበር፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሰንብታ ተነሣች። እሱን ግን አልለቀቀውም። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ግንባሩን ብትዳብሰው ቀዝቃዛ ነው።

«ትኩሳት የለህም፤ ስንፍና ነው» አለችው።

ሳቀ። ሲስቅ ከንፈሩ ጠቆረ። ያን ጊዜ ነው በታክሲ ይዘውት የሮጡት።

በለቅሶው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐኪም ቤት ይከታተለው የነበረው ነርስ ሊያስተዛዝን መጣ። ገና ሳይቀመጥ እህት እጁን ያዘችው።

«ልጄ፣ እንዳታባብለኝ። ኩላሊቴ ነው የገደለው?»

«ኧረ በጭራሽ፣ እናቴ! ኩላሊቱማ እስከ መጨረሻዋ ቀን ጤነኛ ነበር። የገደለው የሳንባ ምች ነው።»

«ሰማሽ?» አለች ወደ ጎረቤቲቱ ዞራ። ጎረቤቲቱ ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ጀመር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሷ ግን ጫፉን ካልያዘች አይሆንላትም።

«እኔም ስስል ነበር። እኔን አሮጊቷን ትቶ እሱን ለምን?»

ነርሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰውነት የሌላ ሰው ኩላሊት ሲገባበት ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል። መድኃኒቱ ያንን ውጊያ ያስተኛዋል። ታዲያ አንዴ ከተኛ፣ በሽታ ሲመጣም ተነሥቶ የሚከላከል የለም። ትኩሳት እንኳ ላይታይ ይችላል።»

«እንግዲያ ኩላሊቴ ባይገባ መድኃኒቱን አይውጥም ነበር።»

«አይውጥም።»

«ሳሉም አይገድለውም ነበር።»

«እሱማ... ኩላሊቱ ባይገባማ ያኔውኑ...» አልጨረሰውም።

እህት ነገሩን እንደ ጨርቅ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው፤ የቱ ፊቱ፣ የቱ ጀርባው እንደሆነ አልለይ አላት። ያቆየችውም እሷ፣ ለበሽታው በር የከፈተችውም እሷ። ትኩራ? ትፈር? የተቀበረውስ ወንድሟ ብቻ ነው ወይስ እሷም በከፊል? ለራስ ይለቀሳል እንዴ?

የሟች ሚስት ከጓዳ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ነበር» አለቻት፣ በራሷ ሆድ ላይ ከእምብርት በታች በቀኝ በኩል እያሳየች። «ሲተኛ በእጄ ይታወቀኝ ነበር። ጉብ ብሎ።»

«እኔ ከወገቡ ያስገቡት መስሎኝ!»

«ከፊት ነው። አንዳንዴ ‹ዛሬም እህትህ አልጋችን ውስጥ ናት› እለው ነበር።»

«ባለጌ!» አለች እህት። ልትስቅ ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ሚስትየዋ ከጆጉ በብርጭቆ ውሃ ቀዳች። «ከቀብር ወዲህ ውሃ በአፍሽ አልዞረም። የቀረሽ አንድ ኩላሊት ነው፣ እትዬ። ጠጪ።»

«አሁን ደግሞ አንቺ አዛዥ ሆንሽ?»

ተቀበለቻት። ለማን እንደምትጠጣ ግራ ገባት፤ ለሞተው ይሁን ለቀረችው። እስከ ታች ጨለጠችው። ከዚያ አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ባዶውን ብርጭቆ እንድትደግምላት መልሳ ዘረጋችላት።