የዘሀራ ጠብታ

ኑርዬ ማሽላ ሲኮተኩት ቅጠል ግራ ዓይኑን ከጫረው ሁለት ወር አልፎታል። ምርቀዛው በመድኃኒት ቢለቀውም ቁስሉ ራሱ አልገጥም አለ። የደሴው ሐኪም የዓይኑ የፊት ሽፋን እየሳሳ መሆኑን አይቶ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልዳነ ሊበሳና ዓይኑ ሊጠፋ እንደሚችል ሳይሸሽግ ለባልና ሚስቱ ነገራቸው።

የቀረው መላ ደም ነበር። ደም በማሽን ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ቢጫ ውሃ ይቀራል። እዚያ ውስጥ የዕድገት ንጥረ ነገሮችና ፔፕታይድ የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ፤ በቁስሉ ዳር ያሉትን ሴሎች እየቀሰቀሱ «ተባዙ፣ ተሻገሩ፣ ክፍቱን ድፈኑ» ይሏቸዋል። ሐኪሙ ያስረዳቸው እንዲህ ነው። የኑርዬ ደም አንሶ ስለተገኘ ከሚስቱ ከዘሀራ ተመርምሮ ተቀዳ፤ ቢጫው ውሃም ለዓይን ጠብታ በብልቃጦች ተሞላ።

ዘሀራ ክንዷን ስትዘረጋ ፈርታ ነበር፤ መርፌውን ግን አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስትኖር አልወለደችም። የኑርዬ እህት ሀውራ ደግሞ ይህን ሳታነሳ የምትውልበት ቀን የላትም፤ ምላሷ ማጭድ ነው። አሁንም አላለፈችውም።

«ለልጅ ያልሆነ ደም ለዓይን ሊሆን?» አለች።

ቃሉ ዘሀራ ሆድ ውስጥ ቀረ።

ብልቃጦቹን የውጫሌው ባለሱቅ ማናዬ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠላቸው። ጠብታው ቢያንስ በቀን አምስት ጊዜ ይጨመር ተብሏል። ዘሀራ ሰዓት ከመቁጠር አዛን መስማት ይቀላታል፤ አዛን በተባለ ቁጥር ብልቃጧን ይዛ ከተፍ ነው። አንድም ቀን አላጓደለችም።

በሳምንቱ ሐኪሙ ዓይኑ ላይ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት አየው። ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ፤ ስፋቱ እንደነበረ ነው። ዘሀራ የመኪናውን መንገድ ሁሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። ከሌላ ሰው ደም እንዲያስቀዳም ለመነችው።

«አብሽሪ፣» አላት ኑርዬ፣ «ያንቺ ይበቃኛል።»

በማግስቱ የከሰዓቱ የአስር ሰላት ደረሰ። አዛኑ ሲሰማ ጠብታውን ጨመረችለት። እሱም ውዱእ ሊያደርግ ቁጢጥ አለ፣ እሷም እንደ ልማዷ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ውሃ አፈሰሰችለት። በእፍኙ እየተቀበለ ፊቱን አንዴ፣ ሁለቴ ታጠበ። ሦስተኛውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ውሃው ቀረ።

ዘሀራ ደርቃ ቆማለች።

«ያረቢ! በገዛ እጄ እየጨመርኩ በገዛ እጄ ሳጥበው ከርሜያለሁ።»

ውሃው ጠብታውን ጠርጎ እንደሚወስደው ሐኪሙም ሆነ እነሱ አላሰቡትም። አዛንን ውዱእ እንደሚከተለው የማያውቅ የለም፤ ቅርብ ያለ ነገር ነው የማይታየው። የመስጊዱን ሸህ ሙዘይንን ቢጠይቁ፣ የታመመ ዓይን ውሃ አይንካው፣ የቀረውን ፊት በረጠበ እጅ ማበስ ይበቃል አሏቸው። ጠብታውም ከሰላት በኋላ ሆነ። ኑርዬ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አሰላምቶ ሲጨርስ፣ ከመስገጃው ሳይነሳ ራሱን ጭኗ ላይ ያሳርፋል። እሷ ትጨምርለታለች፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፏን ግንባሩ ላይ አድርጋ፣ ጠብታው እስኪሰርግ ይቆያሉ። ዘሀራ ያን ጊዜ ወደደችው።

በሳምንቱ ያው ቀለም፣ ያው ሰማያዊ መብራት። ቀለሙ የሚይዝበት ቦታ አጣ። ሐኪሙ ቁስሉ ገጥሟል አለ፤ ዘሀራ ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ቤት ሲደርሱ ሀውራ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ኑርዬ ጠጋ አላትና የግራ ዓይኑን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ።

«የዘሀራ ደም ለዓይን ሊሆን ስትይ አልነበር?» አላት። «ይኸው፣ እይው። እሱም ያይሻል።»