በካፖርት ላይ የተለካ ሰደፍ

በጠመንጃ ሠሪዎቹ ከተማ በፌርላኽ ሰው ለክቶ ሰደፍ የሚያወጣ እንደ እሷ ያለ እንደሌለ ኔዛ ማንም ሳይጠይቃት ትናገር ነበር። ውሸቷን አይደለም። ወንዶቹ ብረቱን ይሠራሉ፤ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ይበይዳሉ፤ የቀኙም የግራውም ጥይት አንድ ቦታ እስኪያርፍ እየተኮሱ፣ ብየዳውን እያቀለጡ፣ መልሰው እየበየዱ ወራት ይፈጃሉ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። «ሰደፍ የሌለው ጠመንጃ ግን ምንድን ነው? ሁለት ቧንቧ ነው» ትላለች ኔዛ። ይህንንም የሚጠይቃት አልነበረም።

ሰደፍ ሠሪ የነበረው ባሏ ከሞተ ወዲህ መሮውን እሷ ይዛ ቆየች። ጣቶቿ እየደረቁ አልታጠፍ ሲሏት መሮው ለልጅ ልጇ ለኡርሺ ተላለፈ፤ ለኔዛ የቀራት መለካት ብቻ ነው። የኡርሺ እጅ ወርቅ ነው። ችግሩ ሴት መሆኗ ነው፤ በከተማው ያለ ሰደፍ ሠሪ ሁሉ ጢም አለው። የጠመንጃውን ሥራ ለየባለሙያው እያከፋፈለ የሚያሠራው ግሬጎር ብዙ ሲያቅማማ ከርሞ ነው አንድ ሥራ የሰጣት፤ ለዚያውም እንዲህ ብሎ፦

«ጠመንጃው ፓክለር የሚባል የግራዝ እንጨት ነጋዴ ያዘዘው ነው። አፍሪካ ወርዶ ጎሽ ሊያድንበት ነው። እሱ ከወደደው ከእንግዲህ የቤቴ ሰደፍ በሙሉ የኡርሺ ነው። ካልወደደው ለሰደፍ ሠሪው ለፍሎሪያን ኦግሪስ እሰጣለሁ፤ ሁለተኛ አትጠይቁኝ።»

ፓክለር ሊለካ የመጣው በየካቲት ነበር። በረዶው መስኮቱ ድረስ ተከምሯል። ሰውየው እንደ ፍራሽ የወፈረ የሱፍ ካፖርት ለብሶ ገባና፣

«ላውልቀው እንዴ እማማ?» አለ።

«ይልበሱት ጌታዬ። ኔዛ ቤት ብርድ መታኝ ብለው ስሜን እንዲያጠፉ አልፈልግም።»

ሰደፉ እንደ መሳቢያ የሚወጣና የሚገባውን የመለኪያ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አስደገፈችው። ክንዱን አየች፤ አንገቱን አየች፤ ልኩን በጥፍሯ ምልክት አደረገችበት። የፌርላኽ አዳኝ ተራራ የሚወጣው በበረዶ ነው፤ ካፖርቱን ከነቁልፉ ለብሶ ነው። ኔዛ ዕድሜዋን ሙሉ የለካችው እንዲህ ነው። ካፖርት የማይለብስ አዳኝ በዚህ ምድር ላይ ይኖራል ብሎ ያሰበ በዚያ ከተማ አንድም ሰው አልነበረም።

ኡርሺ ጥቁር ደም ሥር የተጋደመበት የዋልነት እንጨት መረጠች። ብረቱን በጥላሸት እየቀባች፣ እንጨቱ ውስጥ እያስገባችና እያወጣች፣ ጥላሸት የነካውን ብቻ በመሮ እየላገች፣ በብረቱና በእንጨቱ መሀል ፀጉር እንኳ እንዳያልፍ አድርጋ ገጠመችው። ከዚያ በልኩ ቆረጠችው። ከዚያ በተልባ ዘይት መዳፏ እስኪግል ታሸው ጀመር። ለፋሲካ ሲደርስ ሰደፉ እንደ ማር ያበራ ነበር።

ፓክለር በሐምሌ ሊሞክረው መጣ። ስስ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ። በተኩስ ሜዳው ላይ ጠመንጃውን አንሥቶ ሲተኩስ የገዛ አውራ ጣቱ ተመልሶ አፍንጫውን ወቀጠው። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የፓክለር አፍንጫ ተመታ፣ የኡርሺ ዓይን አለቀሰ።

ግሬጎር ሰደፉን አገላብጦ አየና፣ «አንድ ጣት ያጥራል። መጋዝሽ ቸኩሏል፣ ልጄ» አለ።

ኔዛ የተሰበሰበውን እጅጌ አየች። ሰደፉን አንድ ጣት ያሳጠረው ያ ፍራሽ የመሰለ ካፖርትም ትዝ አላት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባት፤ ኡርሺም ቀና ብላ ስታያት ልጅቷም እንደገባት አወቀች። ነገር ግን ሰባ ዓመት ሙሉ ተሳሳትኩ ብሎ የማያውቅ አፍ በአንድ ጧት አይከፈትም።

«እኔ ነኝ። የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አለች ኡርሺ።

ፓክለር መሀረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ሐሙስ እመለሳለሁ። ዓርብ ወደ ትሪየስት ወደብ እሄዳለሁ፤ መርከብ ሰው አይጠብቅም። ጎሹ ሳያገኘኝ ጠመንጃው እንዳይጨርሰኝ ብቻ አደራ።»

«እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ኦግሪስ ሌላ ሰደፍ ያወጣለታል፤ ጌታው ለዘንድሮ በተውሶ ጠመንጃ ይሄዳል» አለ ግሬጎር። ኡርሺን እንጂ ኔዛን አላያትም።

ቤት ሲደርሱ ኡርሺ ዓይኗን ጠርጋ ወገቧን ያዘች። «ቁራጩን አምጪው አያቴ። እቀጥለዋለሁ። የራሱ እንጨት ስለሆነ ደም ሥሩ ከደም ሥሩ ይገጥማል። ሌላ ዋልነት ከሆነ ሱሪ ላይ እንደተጣፈ ጨርቅ ነው የሚታየው።»

በፌርላኽ ከሰደፍ ጫፍ የተቆረጠ እንጨት ጠመንጃው የመጀመሪያውን አውሬ እስኪጥል ድረስ እሳት ውስጥ አይገባም፤ ክፉ ዕድል ነው። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ኔዛ መደርደሪያው ጋ ሄደች። የሁሉም ቁራጭ አለ፤ የፓክለር የለም።

ምድጃው ሥር ፈለጉ። የዶሮ ቤት ገብተው ፈለጉ። ኔዛ ጎረቤቷን ጠረጠረች፤ የጎረቤቷን ድመት ጠረጠረች፤ የሞተውን ባሏንም ሳይቀር «አንተ ሰውዬ በሕይወትህም ዕቃ አታስቀምጥም ነበር» ብላ ወቀሰችው። ሲመሽ ኡርሺ ያልበላችው አይብና ናና የተሞላው የሊጥ ቅቅል ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ። የሚወደድ ምግብ ቀዝቅዞ እንደማየት የሚያሳዝን ነገር የለም።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ መሸታ ቤት ካርታ ይጫወታሉ። ኔዛ በሩን ገፍታ ገባች። ፍሎሪያን ኦግሪስ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ተቀምጦ የፖም ጠጁን ይዟል፤ ግሬጎርም ከጎኑ አለ።

«ፍሎሪያን፣ የልጄን ቁራጭ ሰርቀሃል?» አለች።

«ደህና ዋልሽ፣ ኔዛ። እኔም ደህና ነኝ» አለ ኦግሪስ ካርታው ላይ እንዳቀረቀረ። «የአንቺ ቁራጭ ምን ያደርግልኛል? የራሴን እንኳ የማስቀምጥበት አጥቻለሁ። ይልቅ ከፊቴ ገለል በይ፤ ዕድሌን ትጋርጃለሽ። ይህ ጠረጴዛ ድሮ እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ፍንክች አላለም፣ እኔም ከፋሲካ ወዲህ አልተሸነፍኩም።»

ከፋሲካ ወዲህ። ኔዛ የቆመችበት ቀረች። ሰደፉ ያለቀ ቀን ቁራጩን በሽርጧ ኪስ ይዛ፣ «እዩት የዚህን እንጨት ደም ሥር» እያለች ልታሳያቸው እዚሁ መጥታ ነበር። ጠረጴዛው ሲወዛወዝባት ጊዜ ጎንበስ ብላ እግሩ ሥር ወሸቀችው። የወሸቀችው ራሷ ናት።

ጎንበስ ልትል ስትሞክር ኦግሪስ በሁለት ክርኑ ጠረጴዛውን ተጫነው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እግሩ ሥር ያለውን እንጨት አምጣ። ለምድጃዬ ነው።»

«በሐምሌ?»

ወንዶቹ ሳቁ። ኦግሪስ ጢሙን ጠረገ። «አሃ። የጌታው አፍንጫ ነገር ነው። ወሬው እኛም ጋ ደርሷል። ልጅቷ አሳጥራ ቆርጣ፣ አሁን ልትቀጥሉት ነው። ኔዛ፣ እውነት እንነጋገር፤ ሰደፍ ማውጣት የሴት ልጅ እጅ ሥራ አይደለም። ተዪአት ትዳሯን ትያዝ።»

ኔዛ ግሬጎርን አየችው። አንገቱን በአዎንታ እየነቀነቀ ነበር። ሐሙስ እንኳ ሳይደርስ ነገሩን በልቡ ጨርሶታል። ቁራጩን ብትወስድም፣ ጠመንጃው ቢስተካከልም፣ ኡርሺ በዚህች ከተማ መጋዟ የቸኮለ ሴት ሆና መቅረቷ ነው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለች።

«ስሙ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ልጅቷ የቆረጠችው እኔ የሰጠኋትን ልክ ነው፤ በፀጉር ስንጣሪ አልሳተችም። ሰውየውን የለካሁት እኔ ነኝ። ወደ በረሃ የሚሄደውን ሰው ካፖርት አስለብሼ ለካሁት። ላውልቀው ወይ ብሎ ጠይቆኝ አታውልቅ ያልኩትም እኔው ነኝ። እሷ ይህን እያወቀች ስለ እኔ ዝም አለች። ከእናንተ መሀል እናቱን እንዲህ የሸፈነ ካለ እጁን ያውጣ። ቁራጩንም እዚያ የወሸቅሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ፍሎሪያን ያሸነፍከው በእኔ እንጨት ነው።»

እጁን ያወጣ አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው ሳቅ ግን የመሸታ ቤቱን ብርጭቆ አንቀጠቀጠ። ኦግሪስ ብዙ ሳቀ፤ ከዚያ ካርታውን አስቀመጠና ጠረጴዛውን ራሱ አነሣላት።

«በካፖርት ላይ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እኔም ብሆን አላስወልቀውም ነበር። ማንም አያስወልቀውም።» ከዚያ ዝቅ ብሎ ቁራጩን አየና ከንፈሩን መጠጠ። «የመረጠችው እንጨት ግን እንጨት ነው። መጋጠሚያው ላይ ስስ ጥቁር ቀንድ ታስገባበት፤ እኔ ጋ አለ፣ እልክላታለሁ።»

«ላክ። አመስግኚኝ ግን እንዳትለኝ።»

«ማን አብዶ?»

ግሬጎር ባርኔጣውን አንሥቶ አብሯት ወጣ፣ እስከ ኡርሺ ደጃፍም ድረስ ሸኛት።

ቁራጩ ከፋሲካ ጀምሮ የፖም ጠጅ ሲፈስበት ከርሞ ስለጠቆረ፣ ኡርሺ ቀንዱን መሀል አስገብታ ቀጥላ በጥቂት የተልባ ዘይት ስታሸው መልኩ ከሰደፉ ጋር አንድ ሆነ። ሐሙስ ፓክለር መጣ፤ አፍንጫው ገና ቢጫ ነበር። ኔዛ አጠገቡ ቆማ ሸሚዙን በጣቷ ዳሰሰች። ሁለቱንም አፈሙዝ ተኮሰ። ከዚያ ኢላማውን ሳያይ ቀድሞ አፍንጫውን ነካ።

«አለ» አለ።

ጥይቶቹ አንድ ቦታ ላይ እንደ መንትያ ተጣብቀው አርፈዋል። ፓክለር ሰደፉን እያገላበጠ መቀጠያውን ፈልጎ አጣው፤ ጥቁር ክር የመሰለችውን ቀንድ ጌጥ መስላው አመሰገነ። ግሬጎር በዚያው ቀን ሰደፍ የሚጠብቁ የሦስት ጠመንጃ ብረቶች በጨርቅ ጠቅልሎ ኡርሺ ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

በሚቀጥለው እሁድ ኔዛ መሸታ ቤት ገባች። ኦግሪስ ያለ የሌለ ገንዘቡን በካርታ ተበልቶ፣ የሚወዛወዘውን ጠረጴዛ በጉልበቱ ደግፎ ተቀምጧል። ከሽርጧ ኪስ አንድ ተራ የማገዶ ፍልጥ አውጥታ ፊቱ ጣለችለት።

«ላንተ ይኸው ይበቃሃል።»

ኦግሪስ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የእሁድ ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለው። ጎረቤቱም ተነሣ፤ አወለቀ። ግሬጎርም። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ወንድ በሸሚዝ ቆሞ ሊለካ ክንዱን ዘረጋላት።

ኔዛ ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው።

«ሆዳችሁንም አውልቁት» አለችና ካርታ ልትጫወት ተቀመጠች።