የኤልቤቴል የእንሰት ቅጠል

«ለሉሲ ውሃ ስጧት፤ ትወድቃለች» አለች ከድንኳኑ ጥግ አንዲት ሴት።

ሉሲን ግራና ቀኝ ደግፈው ይዘዋታል። «ኤልቤቴልዬ፣ እህቴ፣ ባለሙያዬ» እያለች ታለቅሳለች። ድምፅዋ እየጨመረ ሲሄድ ከቤተ ክርስቲያን የመጡት መዘምራን መዝሙራቸውን ከፍ አደረጉ። ትንቢት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታያታለች። ሟቿ ኤልቤቴል የእናቷ ልጅ፣ ታላቅ እህቷ ናት፤ ሉሲ ደግሞ የኤልቤቴል ባል የኢዮስያስ እህት። ትናንት ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ የትንቢት እንባ ደርቋል። የባል እህት እንዲህ ስታነባ የሥጋ እህት ዝም ማለቷ አሳፍሯት አንገቷን ደፋች።

ጀሚሊያ የገባችው በዚህ መሀል ነው። መናኸሪያው አጠገብ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ የኤልቤቴል ደንበኛም ጓደኛም ነበረች። ትንቢትን አቅፋ አልቅሳ አጠገቧ ተቀመጠች። ቡና ሲሰጧት ተቀብላ ሳትቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ሉሲ ላይ ነው።

«ይቺ ልጅ በምን ዓይኗ ነው የምታለቅሰው?» አለች በሹክሹክታ።

«ኪሮሽ ያስተማረቻት ኤልቤቴል ናት። በጣም ይቀራረቡ ነበር።»

«ማስተማሩንስ አስተምራታለች።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ተይው፣ ለቅሶ ቤት ነው።»

ትንቢት እጇን ያዘቻት። «ስለ እህቴ ከሆነ ንገሪኝ፣ ጀሚሊያ።»

ጀሚሊያ ግን ወዲያው አልነገረቻትም። ኤልቤቴል አረንጓዴ ክር ፍለጋ ሱቋ የመጣችበትን ቀን አነሳች። ትንቢት ከዚያ ቀን በፊት የሆነውን ታስታውሳለች።

ክረምት ነበር። እህትማማቾቹ እናታቸውን ለመጠየቅ ከዲላ ወደ ቡሌ እየሄዱ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ በእግር መውጣት ጀመሩ። የኤልቤቴል ልብ ያኔም ደህና አልነበረም፤ ሕፃናት የምታስተምርበትን ሥራ ያስተዋትም ይኸው ሕመሟ ነው። ትንሽ ትሄድና ትቆማለች። አንዴ አንድ ጓሮ አጠገብ ቆማ አልንቀሳቀስ አለች።

«ደከመሽ?» አለቻት ትንቢት።

«አልደከመኝም። ይሄን ቅጠል እዪው።»

የእንሰት ቅጠል ነው። ንፋስ ከዳር ዳር ሰነጣጥቆታል፣ ዝናቡ በመሀል አከርካሪው ላይ ይወርዳል። ትንቢት በእንሰት መሀል ነው ያደገችው፤ የሚታይ ነገር አልታያትም። ኤልቤቴል ግን ዝናቡ እየመታት «የተሰነጠቀው ነው የሚያምረው» አለች።

ዲላ እንደተመለሱ ያንን ቅጠል በኪሮሽ ልትሠራው ተነሳች። ሠርታ ትተረትረዋለች። እንደገና ትጀምርና እንደገና ትተረትረዋለች። አማቷ እማማ ድንቅነሽ ሴቱንም እንደ ወንድ ነው የሚጠሩት፤ «ይሄ ልጅ ክር ነው የሚጨርሰው» እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠራቻቸው። ዳር ዳሩ የተሰነጣጠቀ፣ መሀሉ ላይ ነጭ ክር እንደ ውሃ የሚወርድበት ቅጠል ነው። እማማ ድንቅነሽ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩትና እንሰቱ ወዳለበት ወደ ጓሮ በር ዞረው ተመለከቱ። አልሳቁም።

አዲስ አበባ ያሉ ሴቶች በኢንተርኔት የሚያወጡት የእጅ ሥራ መጽሔት አለ። ከየክልሉ ሥራ ይቀበላል፤ ግን የራስ ፈጠራ የሆነና ሌላ ቦታ ያልወጣ መሆን አለበት። ኤልቤቴል ፎቶውንና አሠራሩን ላከች። በሚቀጥለው እትም እንደሚያወጡት ሲጽፉላት መልእክቱን ለባሏም፣ ለትንቢትም፣ ለሉሲም አነበበችላቸው። ትንቢት እህቷን እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይታት አታውቅም።

ሥራው ግን አልወጣም። ሌላ መልእክት መጣ። ይህ ሥራ አስቀድሞ በሌላ ሰው ስም ወጥቶ አግኝተነዋል፤ የሰውን ሥራ የራሳችሁ አስመስላችሁ አትላኩልን የሚል ነበር። ኤልቤቴል አንብባ ስልኩን በደረቱ ደፋችው።

«ሌባ አሉኝ» አለች።

«ማን ነው ያወጣው?»

«ተይው፣ ትንቢት።»

ከዚያ ወዲያ ኪሮሽ አልያዘችም። ሰው ሲጠይቃት ሕመሙ ነው ትላለች። ትንቢትም አምናት ነበር።

«ሉሲ ናት» አለች አሁን ጀሚሊያ። «በስልኳ የያዘችውን ፎቶ እያሳየች ያንኑ ክር ከእኔ ገዛች። ለኤልቤቴል የምትወስድላት መስሎኝ። ሠርታ በቴሌግራም ገጿ ላይ ‹የራሴ ፈጠራ› ብላ ለጠፈችው። ሳየው ለኤልቤቴል ነገርኳት። ታውቅ ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«ኢዮስያስ እህቱን ይወዳል፣ በእኔ ምክንያት አይጣሉም አለችኝ። ወላሂ እንድትነግረው ለመንኳት። እንዳትናገሪ ብላ አስማለችኝ። ከእንግዲህ ግን አልችልም።»

ትንቢት ስልኳን አውጥታ የሉሲን ገጽ ከፈተች፤ ብዙ መፈለግ አላስፈለጋትም። ቅጠሉ እዚያ ነው። «የራሴ ፈጠራ» ይላል። ከስሩ ሰዎች እጅሽ ይባረክ ብለዋታል፤ ሉሲም ለእያንዳንዱ አሜን ብላለች። እህቷ ሌባ ተብላ አልጋዋ ላይ ስትተኛ ይቺ ልጅ አሜን እያለች ነበር። ሻይ ልታደርስላትም ትመጣ ነበር፤ ትራሷን አስተካክላላት ትሄድ ነበር።

ተነሳችና በለቀስተኛው መሀል አልፋ ሉሲ ፊት ቆመች። ስልኩን አሳየቻት።

«ይሄ የማን ነው?»

ሉሲ አየችው። ልቅሶዋ ቆመ። «አሁን ይሄ ይነሳል?»

«የማን ነው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። በገዛ እጄ።»

«እጁ ያንቺ ነው። ሐሳቡስ? ቡሌ መንገድ ላይ ዝናብ እየመታት የቆመችው ማን ናት? ስትተረትር የከረመችው ማን ናት?»

መዝሙሩ ቆመ። እማማ ድንቅነሽ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ተው ልጄ» አሉ። «ሰው ይሰማል። ኤልቤቴል ሄዷል። ስም ምን ያደርግለታል?»

«ከስሟ ሌላ ምን ቀርቷታል፣ እማማ? ልጅ አልወለደች። ትናንት መቃብሩ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ትሑት ሚስት ነበረች ተባለ፣ አለቀ። አንድ ነገር ከራሷ አወጣች፤ እሱንም ወስዳ ሌባ አስባለቻት።»

የሟች ባል ኢዮስያስ ከወንዶቹ መሀል መጣ። ጺሙ አድጎ ፊቱ ጠቁሯል። ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«መጽሔቱ የመለሰባት በዚህ ነው?» አለ እህቱን።

ሉሲ ወደ እናቷ ዞረች።

«ሉሲ።»

«ያን ያህል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አለች። «ሰው ወደደው... ከዚያ እንዴት ላጥፋው?»

«ለእኔ ያልነገረችኝ ለምንድን ነው?» ብሎ ወደ ትንቢት ዞረ።

«ከእህትህ እንዳትጣላ ብላ ነው።»

ኢዮስያስ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለ። ሰዎች ሊይዙት ቢመጡ በእጁ መለሳቸው።

«ምን ይደረግ?» አላት ትንቢትን።

«ትጻፍ። በገጿም ላይ፣ ለመጽሔቱም። ይህ ሁሉ ሰው ሳይበተን።»

«ሐዘኑ ይለፍና...» አለች ሉሲ።

«አሁን ጻፊ» አለ ኢዮስያስ።

ሉሲ ጽፋ ለትንቢት ሰጠቻት። «ይህ ሥራ ከእህቴ ከኤልቤቴል ጋር የሠራነው ነው» ይላል።

«ከእህቴ ጋር?» አለች ትንቢት። «ሞታም ልታካፍልሽ ነው? አጥፊው።»

ሉሲ አጠፋችው። ሁለተኛ ስትጽፍ ጣቷ ይሳሳታል፤ እንባዋ ስልኩ ላይ ይወርዳል፤ የአሁኑን እንባዋን የሚያይላት አልነበረም። ሥራው የኤልቤቴል መሆኑን፣ እሷ ከፎቶ ላይ መቅዳቷን፣ ኤልቤቴል መሞቷን ጻፈች። ለመጽሔቱ በላከችው ላይ የትንቢትን ስልክ ቁጥር አስገባች። ከዚያ ተነስታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። የተከተላት እናቷ እማማ ድንቅነሽ ብቻ ናቸው። ትንቢት በዚህ አልተቀየመቻቸውም፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። እህቷ ይህንን ሳትሰማ ነው የሞተችው።

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲያፈርሱ የትንቢት ስልክ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«ከመጽሔቱ ነው» አለች ሴትየዋ። የምትናገረው ነገር የጠፋባት ትመስላለች። «ነፍስ ይማር። ሳንጠይቃት ነው እንደዚያ የጻፍንላት። መጠየቅ ነበረብን።»

«አዎ፣ ነበረባችሁ» አለች ትንቢት።

«ሥራውን በዚህ እትም እናወጣዋለን። ስሟን እንዳንሳሳት ነው የደወልኩት። እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ኢዮስያስ የያዘውን ሸራ ለቀቀ። ጀሚሊያም ወንበር መቁጠሯን ተወች። ትንቢት ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች።

«ኤ» አለች፤ ጣቷ ጉልበቷ ላይ፣ በጥቁር ቀሚሷ ላይ ፊደሉን ይጽፋል። «ል። ቤ። አዎ፣ ቤ። ቴ።»

እንባዋ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

«እየሰማሁሽ ነው» አለች ሴትየዋ።

«ል» አለች ትንቢት፤ ጻፈችውና እጇን ጉልበቷ ላይ፣ በጻፈችው ስም ላይ ዘርግታ አሳረፈችው።